ጥሎ የወጣውም ተመልካች ነው

ጭካኔን ፊት ለፊት ስለሚያሳዩ የጥበብ ፊልሞች በተጻፈ ቁጥር አንድ አስተያየት ሳይመረመር ያልፋል። ከአዳራሹ አቋርጦ የወጣ ሰው ፊልሙን አላየውም፤ ያላየውን ነገር ደግሞ ሊፈርድበት አይችልም የሚል ነው። ፊልሙን የሚወዱት ሃያስያን ወጪውን «አልገባውም፣ ሆዱ አልቻለም» ብለው ያሰናብቱታል። የሚጠሉት ደግሞ የወጪዎቹን ቁጥር እንደ ፍርድ ወረቀት ያውለበልቡታል እንጂ አንዳቸውንም ለምን እንደወጡ አይጠይቁም። ጎራው ሁለት ይምሰል እንጂ መነሻው አንድ ነው። ለሁለቱም ተመልካች ማለት ለደም ምላሽ የሚሰጥ ሥጋ ነው፤ ደሙ ሲበዛበት ይወጣል፣ ራሱን ይስታል፣ ያስመልሰዋል፤ የለመደው እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያያል።

ሙግቴ ከዚህ መነሻ ጋር ነው። አቋርጦ መውጣት ፊልምን የመረዳት አንድ መንገድ ነው እላለሁ። ተመልካቹን ከወንበሩ የሚያስነሣውም በአብዛኛው የደሙ ብዛት ሳይሆን የፊልሙ አሠራር ነው፦ ትዕይንቱ የሚቆይበት ጊዜ፣ የካሜራው አቀማመጥ፣ ድምጹ፣ ከምን በፊትና ከምን በኋላ እንደመጣ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰውን ጉዳይ እንውሰድ። የጋስፓር ኖዬ «ኢሬቨርሲብል» በግንቦት 2002 በካን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። ሞኒካ ቤሉቺ፣ ቬንሳን ካሴልና አልቤር ዱፖንቴል ይተውኑበታል። በጊዜው የወጡት ዘገባዎች ከ2,400 ያህል ተመልካች 250 የሚሆኑት አቋርጠው እንደወጡ፣ ለ20 ያህሉ ደግሞ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ኦክስጅን እንደሰጡ ይናገራሉ። ቁጥሮቹን እንዳሉ እንቀበላቸው። ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ እስከ መጨረሻው ተቀምጠዋል ማለት ነው፤ ስለነዚህ ስለ ዘጠኙ ማንም ብዙ አልጻፈም። ስለ አንዱ ተጻፈ፤ እሱም ቢሆን መውጣቱ እንጂ የትኛው ትዕይንት ላይ እንደተነሣ አልተጻፈም። ለዜና ይህ ዝርዝር አያስፈልግ ይሆናል። ለሂስ ግን ዋናው ነገር እሱ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ፊልም ውስጥ ሰው የሚያስነሡ ሁለት ትዕይንቶች አሉ፤ አሠራራቸውም ፈጽሞ ተቃራኒ ነው።

ፊልሙ ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። ስለዚህ አስቀድመን የምናየው በቀሉን ነው። ሁለት ሰዎች አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ ገብተው ሰው ሲፈልጉ ይቆዩና በመጨረሻ የአንድ ሰው ፊት በእሳት ማጥፊያ ተደጋግሞ ይቀጠቀጣል። ማን እንደሆነ፣ ምን አድርጎ እንደሆነ ገና አናውቅም። ካሜራው ይሽከረከራል፣ ይገለበጣል፣ ጣሪያ ነክቶ ይመለሳል። በዚህ ላይ ኖዬ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት 28 ኸርዝ ገደማ የሆነ፣ በጆሮ ከመሰማት ይልቅ አካልን የሚረብሽ ወፍራም ድምጽ እንዳስገባበት ራሱ ተናግሯል። ሁለተኛው ትዕይንት ቆይቶ ይመጣል። አሌክስ የተባለችው ሴት (ቤሉቺ) በእግረኛ መሿለኪያ ውስጥ ስታልፍ ትደፈራለች። እስካሁን ሲቅበዘበዝ የነበረው ካሜራ እዚህ ላይ መሬት ላይ ዐርፎ ዝም ይላል። ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ቀረጻውም አይቆረጥም።

ደም የሚበዛው በመጀመሪያው ነው። በመጀመሪያው ላይ የተነሣ ሰው ግን በጭካኔው ይሁን በሽክርክሪቱ መለየት ያስቸግራል። መርከብ ላይ ሆዱ እንደሚታወክ መንገደኛ ሆኖም ሊሆን ይችላል። ኦክስጅን ከተሰጣቸው 20 ሰዎች ስንቱ በደሙ፣ ስንቱ በካሜራው፣ ስንቱ በድምጹ እንደታመመ ማን ለየ? ሁለተኛው ላይ የተነሣው ሰው የተነሣው ግን በሌላ ነገር ነው። የተለመደ ፊልም እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ሲደርስ ይቆርጣል፤ ወደ በሩ፣ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ማግስቱ ይወስደናል። ዕድሜ ልካችንን ፊልም ስናይ ይህ ምሕረት ይደረግልናል፤ ስለለመድነውም አናስተውለውም። ኖዬ ከለከለን። ፊልሙ ያልቆረጠውን ትዕይንት ወጪው ተመልካች በእግሩ ቆረጠው። ይህን ሰው «አልገባውም» ማለት ይከብደኛል። የትዕይንቱ ሐሳብ የተሠራው ባለመቁረጡ ላይ ነው፤ እሱም የተነሣው ባለመቁረጡ ነው። ቁጭ ብለው ስለ ቤሉቺ ቀሚስ ቀለም ከተረጎሙት ይልቅ ነገሩን በጉልህ ያየው እሱ ይመስለኛል።

በዚያው ትዕይንት ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፍ አንድ ነገር አለ። ከመሿለኪያው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከምስሉ ጥልቀት፣ የሰው ጥላ ብቅ ይላል። ያያል። ወደ መጣበት ይመለሳል። ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ፊቱ አይታይም። ይህን ጥላ ከአዳራሹ ከሚወጣው ተመልካች ጋር የሚያመሳስል ትርጓሜ አለ፦ እሱም አይቶ ጥሎ ሄደ፣ አንተም አይተህ ጥለህ ሄድክ። ትርጓሜው ሲሰሙት ያምራል፤ ፊልሙ ራሱ ወጪውን አስቀድሞ የረታው ያስመስላል። ግን ቀላቅሎታል። ያ ጥላ ጥሎ የሄደው ሰውን ነው፤ ቢጮኽ፣ ቢሮጥ፣ ፖሊስ ቢጠራ የሚለወጥ ነገር ነበረ። ተመልካቹ ጥሎ የሄደው የተቀረጸ ምስልን ነው። ወንበሩ ላይ ዘጠኙንም ደቂቃ ቢቀመጥ ለአሌክስ የሚያደርግላት አንዳች ነገር የለም። ለሰው ያለብንን ግዴታ ለምስል እንዳለብን አድርጎ ማቅረብ ሥነ ምግባር አይደለም፤ የቲኬት ሽያጭ ነው ቢባል ያንስበታል። ደግሞስ በዚህ ሒሳብ ተቀምጦ ያየው ከጥላው በምን ይሻላል? እሱ እንዲያውም ሳይነቃነቅ እስከ መጨረሻው አየ።

ተመልካችን የጭካኔው ተባባሪ አድርጎ የመክሰስ ነገር ሲነሣ ሚካኤል ሃነከን ማለፍ አይቻልም። «ፈኒ ጌምስ» በ1997 ካን ላይ ሲታይም ብዙዎች አቋርጠው ወጥተዋል። ከወጡት አንዱ ቪም ቬንደርስ እንደነበረ ተዘግቧል፤ በ1984 በዚያው ፌስቲቫል «ፓሪስ፣ ቴክሳስ» በሚለው ፊልሙ የወርቅ ዘንባባውን የወሰደው ዳይሬክተር ማለት ነው። «ፊልም የማየት ልምድ የሌለው» ለማለት የማይመች ሰው።

አሁን ፊልሙን ተመልከቱ። ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሁለት ጨዋ መሳይ ወጣቶች በሐይቅ ዳር ቤት ውስጥ አንድን ቤተሰብ ያሠቃያሉ። ደም የሚታየው በጣም ጥቂት ነው። ሕፃኑ ሲገደል ካሜራው ያለው ወጥ ቤት ነው፤ ከገዳዮቹ አንዱ የሚበላ ነገር ሲያዘጋጅ እናያለን፤ ተኩሱን ከወዲያ ክፍል እንሰማለን። ከዚያ ሳሎኑ ይመጣል፤ ደም የተረጨበት ቴሌቪዥን የመኪና ውድድር እያጓራ፣ እናቲቱ ታስራ፣ ለብዙ ደቂቃ ያልተቆረጠ ቀረጻ። ቆይቶ እናቲቱ ጠመንጃ ነጥቃ ከሁለቱ አንዱን ስትተኩስበት በግልጽ እናያለን፤ ተመልካችም እፎይ ይላል። ያን ጊዜ ሌላኛው ገዳይ ሪሞት ኮንትሮል ፈልጎ ፊልሙን ወደ ኋላ ይመልስና ጠመንጃውን ይነጥቃታል። ደሙ ተመልካችን የሚያስወጣ ቢሆን ኖሮ ከዚህ አዳራሽ የሚወጣ ሰው ባልነበረ። ያስነሣቸው የተደረገባቸው ነገር ነው፦ የጠበቁትን ሰጥቶ መቀማቱ፣ ገዳዩ ወደ ካሜራው ዞሮ ማነጋገሩ።

ሃነከ ራሱ ፊልሙን አቋርጦ የሚወጣ ሰው ፊልሙ አያስፈልገውም፣ እስከ መጨረሻው የሚቀመጠው ነው የሚያስፈልገው ሲል ቆይቷል። አድናቂዎቹ ይህን አባባል በየጽሑፋቸው ይጠቅሱታል፤ ጠቅሰውም ወጪውን መናቃቸውን አይተዉም። አባባሉ እውነት ከሆነ ግን ወጪው ፈተናውን ያለፈው ነው፤ የሚነቀፈው ተቀምጦ የቀረው ነው፤ ሃያሲውን ጨምሮ። ሁለቱን ባንድ ላይ መያዝ አይቻልም። በዚህ ነገር ሃነከ ከአድናቂዎቹ ይልቅ ወጪውን አክብሮታል ባይ ነኝ፤ ምንም እንኳ ተመልካችን እንደ ተማሪ መቅጣት መውደዱ ለእኔ ባይጥመኝም።

የደም ብዛት ምላሽን እንደማይወስን ለማየት ደግሞ ወደ ኋላ መሄድ ይጠቅማል። ሉዊ ቡኙኤል በ1929 ፓሪስ ውስጥ «ኧን ሺየን አንዳሉ»ን ሲያሳይ ከስክሪኑ ጀርባ ቆሞ ኪሱን በድንጋይ ሞልቶ እንደነበረ በትዝታ መጽሐፉ ይተርካል፤ ተመልካቹ ቢነሣበት ለመከላከል ነው። ፊልሙ የሚከፈተው የሴት ዓይን በምላጭ ሲሰነጠቅ በማሳየት ነው፤ የተሰነጠቀው በእርግጥ የጥጃ ዓይን ነው። ዛሬም ቢሆን ያንን ምስል ዓይኑን ሳይጨፍን የሚያይ ጥቂት ነው። የፓሪሱ ታዳሚ ግን አጨበጨበ፤ ድንጋዩ ሥራ ፈታ፤ ፊልሙም ለወራት ታየ። በዓመቱ «ላዥ ዶር» መጣ። ያን ዓይነት ደም የለበትም፤ ቤተ ክርስቲያንንና የተከበረውን ኅብረተሰብ ግን ይዘልፋል። በታኅሣሥ 1930 የቀኝ ክንፍ ማኅበራት አባላት ስክሪኑ ላይ ቀለም ረጩ፣ አዳራሹን ሰባበሩ፤ የፓሪስ ፖሊስ አዛዥ ዣን ኪያፕም ፊልሙን አገደው። አንዱ ዳይሬክተር፣ አንዷ ከተማ፣ የአንድ ዓመት ልዩነት። ሰዎቹ ለሐሳብ ነው የተቆጡት።

የላርስ ፎን ትሪየር «አንቲክራይስት» በ2009 ካን ላይ የገጠመውም ከዚህ አይርቅም። በፊልሙ ውስጥ ስላለው የመቀስ ትዕይንት ብዙ ተወራ። የፌስቲቫሉ የአብያተ ክርስቲያናት ጥምር ዳኞች ግን ሴትን የሚያዋርድ ፊልም ነው ብለው የነቀፌታ ሽልማት ሰጡት፤ በዚያው ሰሞን ሻርሎት ጌንዝቡር በዚሁ ፊልም የምርጥ ተዋናይት ሽልማትን ወሰደች። ዳኞቹ ፊልሙን ጨርሰው አይተውት ነው የነቀፉት። መቀመጥ መቀበል አይደለም፤ መውጣትም አለመረዳት አይደለም።

ራስን ስለ መሳት አንድ ነገር ልበልና ልለፍ፤ ምክንያቱም ከመውጣት ይበልጥ ያለ ቦታው የሚጠቀሰው እሱ ነው። ደም በማየት ራሱን የሚስት ሰው የሚስተው በሌላ ፍርሃት እንደሚሆነው አይደለም። እባብ ወይም ገደል የሚፈራ ሰው ልቡ ይመታል፣ የደም ግፊቱ ይጨምራል፤ ስለዚህም እምብዛም አይወድቅም። ደም የሚፈራው ግን መጀመሪያ የልብ ምቱ ከፍ ይልና ወዲያው የልብ ምቱም የደም ግፊቱም ይወርዳል፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቀንስ ይወድቃል። ክትባት ሲወጋ የሚወድቀው ወታደርም ያው ነው። ይህ በቤተሰብ የሚወረስ የሰውነት ጠባይ እንጂ በሥነ ጥበብ ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ዡሊያ ዱኩርኖ በ2016 በሠራችው «ሮው» ምክንያት ቶሮንቶ ላይ አምቡላንስ ሲጠራ ዜናው ከፊልሙ ቀድሞ ዓለምን ዞረ፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ሲኒማ ቤት ለተመልካቾቹ የማስታወኪያ ከረጢት ማደሉም ተዘግቧል። ዱኩርኖ በነገሩ አልተደሰተችም፤ እውነቷን ነው። ከረጢቱ ግን አዲስ ዘዴ አይደለም። አሜሪካዊው ዊልያም ካስል በ1958 «መካብር» የተባለ ፊልሙን ሲያሳይ በድንጋጤ ለሚሞት ተመልካች ቤተሰብ 1,000 ዶላር የሚከፍል የመድን ውል ከቲኬቱ ጋር አያይዞ ነበር። ካስል ነጋዴ መሆኑን አልደበቀም። የዛሬዎቹ ፌስቲቫሎች ያንኑ ንግድ ሲነግዱ የሂስ ልብስ ያለብሱታል።

ተመልካችን ጠይቀው ያጠኑ ሰዎችስ ምን አገኙ? አኔት ሂል በ1997 ባሳተመችው ጥናት ጭካኔ ያለባቸውን ፊልሞች የሚያዩ ሰዎችን በቡድን በቡድን አነጋግራለች። ያገኘቻቸው ሰዎች የደነዘዙ አልነበሩም። እያንዳንዱ የማያልፈው ድንበር አለው፤ ድንበሩንም ያውቀዋል፤ ዓይኑን ይሸፍናል፣ ጆሮውን ይዘጋል፣ ወደ ጎን ያያል፣ ካስፈለገም ይወጣል፤ እንዲህ እያለ እይታውን ራሱ ያስተዳድራል። ማርቲን ባርከርና ባልደረቦቹ ደግሞ በብሪታኒያ የፊልም ደረጃ መዳቢ ቦርድ ጠያቂነት ወሲባዊ ጥቃት የሚታይባቸውን አምስት ፊልሞች ይዘው ተመልካች አነጋግረዋል፤ «ኢሬቨርሲብል» አንዱ ነው፤ ጥናቱ በ2007 ወጣ። ፊልሙን የተቀበሉትም የገፉትም ስለ ጭካኔው ብዛት ብቻ ሳይሆን ስለ አቀራረቡና ስለ ዓላማው ነው የሚከራከሩት። ይኸው ቦርድ «ኢሬቨርሲብል»ን በ2002 ሳይቆርጥ ለአዋቂዎች እንደፈቀደው ልብ ይሏል። ሰዎች ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ «እኔን ምንም አያደርገኝም» ይላሉ፤ ስለ ሌላው ሲጠየቁ ይሰጋሉ። ፊሊፕስ ዴቪሰን ይህን ዝንባሌ በ1983 ጽፎበታል። ስለ «ተመልካቹ» የሚጽፍ ሃያሲም ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው ስለዚያ ስለማያውቀው ሌላ ሰው ነው።

እኛ ዘንድም የዚህ አስተያየት ቅርንጫፍ አለ፦ የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ምስል አልለመደም፣ አይችለውም የሚል። ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሰው ይህን እንዴት እንደሚል አይገባኝም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲሠቃይ፣ የሄሮድስ ጭፍሮች ሕፃናትን ሲያርዱ፣ በላዔ ሰብ ሰው ሲበላ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ተሥሎ ያደገ ምእመን ነው። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው ሥዕል ሥር እናቶች ሕፃን አዝለው ይቆማሉ፤ ማንም አይወጣም። ለምን? ታሪኩ በእመቤታችን ስም በተሰጠ ጥርኝ ውኃ እንደሚያልቅ፣ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ሁሉም ያውቃል። ምስሉ የሚታየው በፍጻሜው ብርሃን ነው። ኖዬ የነፈገው ይህንኑ ነው፤ ፍጻሜውን አስቀድሞ፣ ምክንያቱን ደብቆ አመጣው።

የመደንዘዝ ነገርም ቢሆን እኛ ዘንድ ሲፈተን አይቆምም። ኃይሌ ገሪማ በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘበት «ጤዛ» የደርግን ዘመን ግፍ ያሳያል። በቀይ ሽብር ጊዜ መንገድ ዳር የተጣለ አስከሬን እያለፈ ትምህርት ቤት የሄደ ሰው ይህን ፊልም ሲያይ፣ ብዙ ያየ ይደነዝዛል በሚለው ሕግ መሠረት፣ ከማንም ይልቅ ረግቶ መቀመጥ ነበረበት። እንዲህ ያለ ሰው መሐል ላይ ተነሥቶ ቢወጣ የትኛው ሃያሲ ነው «አልገባውም» የሚለው?

ለተቃራኒው ወገን የምተውለት ነገር አለ። ከፌስቲቫል አዳራሽ ከሚወጡት ብዙዎቹ የሚወጡት ሌላ ፊልም ስላለባቸው፣ ዜና ስለሚልኩ፣ ስለራባቸው ነው፤ እነሱን ፊልሙን የተረዱ ብዬ አልሾምም። ደግሞም አቋርጦ የወጣ ሰው ስለ ጠቅላላው ፊልም ሊመሰክር አይችልም። «ኢሬቨርሲብል» የሚዘጋው በፍቅረኞቹ የጠዋት አልጋና ሣር ላይ በተጋደመችው አሌክስ ነው፤ ያንን ያላየ የፊልሙን ግማሽ ኀዘን አላየም። ስላየው ነገር ግን ሙሉ ምስክር ነው። ምስክርነቱም የሚረባው በስንተኛው ደቂቃ፣ የትኛው ቀረጻ ላይ እንደተነሣ ሲጻፍ ነው፤ የወጪ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም። በ2018 የፎን ትሪየር «ዘ ሃውስ ዛት ጃክ ቢልት» ሲታይ ከመቶ በላይ ሰዎች እንደወጡ፣ የቀሩት ደግሞ ቆመው እንዳጨበጨቡ ተዘገበ። አንዱ ወገን ወጪዎቹን፣ ሌላው አጨብጫቢዎቹን ቆጠረ፤ ፊልሙ ላይ ግን አንድም አዲስ ሐሳብ አልተጨመረም።

ኖዬ በ2019 «ኢሬቨርሲብል»ን በጊዜ ቅደም ተከተሉ አስተካክሎ ቬኒስ ላይ አሳይቶታል። ምስሎቹ በአብዛኛው እነዚያው ናቸው፤ ደሙም ያው ነው። በዋናነት የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። አሁን መሿለኪያው ይቀድማል፤ ደፋሪው ማን እንደሆነ ፊቱን አይተናል። ወደ ክበቡ ስንገባ እሳት ማጥፊያው የሚያርፍበት ሰው እሱ አለመሆኑን፣ እሱ ከጎን ቆሞ እያየ መሆኑን የሚያስተውል ያስተውላል። ብዙው ግን የአሌክስን ነገር ይዞ ነው የሚገባው። በፊተኛው ቅጂ ያንን ግድያ ማየት አቅቶት የሚወጣው ተመልካች በዚህኛው ተቀምጦ ምቱን ሊጠብቅ፣ እንዲያውም ሊመኝ ይችላል፤ የሚመታውም አሌክስን ያልደፈረ ሰው ነው። ይህን ጊዜ ከወንበሩ አለመነሣቱን የመረዳት ምልክት አድርጎ የሚቆጥር ሂስ እንዴት እንደሚያስረዳው እጠብቃለሁ።